ከትንንሽ ልጆች ጋር በአሽቀሎን ባሕር ዳርቻ መዋል



እንደሚታወቀው አንድ ቤተሰብ ከተወለደበት መንደር ተነሥቶ አሽቀሎን እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው መንገድ አጭር አይደለም። በ1984 እና በ1985 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሙሴ ዘመቻ የገቡት ወገኖቻችን ከጎንደር ገጠር እስከ ሱዳን በእግራቸው ተጉዘዋል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዙ፣ ብዙዎቹ ቀያቸውን ለቀው በከተማይቱ ውስጥ ወራት አሳልፈው ነበር። ከዲሴምበር 2020 እስከ ጁላይ 2023 በጹር እስራኤል ዘመቻ ከገቡት ወደ 5,000 ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ደግሞ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቁ የኖሩ፣ ልጆቻቸውንም በዚያው በመጠባበቂያው ቦታ የወለዱ ይገኛሉ። ስለሆነም ዛሬ በመርካዝ ክሊታ፣ ማለትም በመቀበያ ማዕከል ውስጥ የሚኖር አንድ የ5 ዓመት ሕፃን፣ ዕድሜውን ሙሉ «ነገ እንሄዳለን» ሲባል ሲሰማ ያደገ ሊሆን ይችላል። መርካዝ ክሊታም ቢሆን ቋሚ ቤት እስኪገኝ የሚቆዩበት እንጂ የጉዞው መጨረሻ አይደለም።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከትንንሽ ልጆቹ ጋር ለአንድ ቀን ከክፍሉ ወጥቶ በባሕር ዳርቻ እንዲውል ለመርዳት ነው። ጉዳዩ ተራ መዝናኛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጠባብ ክፍል ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ሕፃን እንቅልፉ ይታወካል፤ ይነጫነጫል፤ ምግብ እንቢ ይላል። የወላጁም ትዕግሥት ያልቃል። በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ «ለልጄ መድኃኒት ይሰጠው ወይ?» ተብዬ በተጠየቅሁባቸው ጊዜያት፣ ልጁን ሐኪም እንዲያየው ከተደረገ በኋላ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ነገር የሚሮጥበት ሜዳና የእናትና የአባት አንድ ሙሉ ቀን ሆኖ ይገኛል። በሌላ በኩል ግን ባሕር ለማያውቀው ቤተሰብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልጅ ሊነጥቅ የሚችል ስለሆነ፣ ደስታውንና ጥንቃቄውን አንድ ላይ እናቀርባለን።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ምሽት

ጓዝ ሲጠቀለል አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ቦርሳ ሲዘጋጅ ሲያይ ይደሰታል። ከቦታ ወደ ቦታ የተንከራተተ ልጅ ግን ቦርሳውን ሲያይ ሊያለቅስ፣ ሆዱን ሊያመው ወይም ሌሊት አልጋው ላይ ሊሸና ይችላል። ይህ ጥጋብ አይደለም፤ ቁጣም አይመልሰውም። ልጁ በሕይወቱ ያየው እያንዳንዱ የጓዝ ጥቅልል ጎረቤትን፣ አያትን ወይም የጨዋታ ጓደኛን ትቶ የመሄድ ምልክት ነበርና፣ ይህንንም እንደዚያው ይቆጥረዋል።

በመሆኑም በዋዜማው ምሽት ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ነገሩን በቅደም ተከተል ንገሩት፤ ይኸውም ጠዋት ተነሥተን ቁርስ እንበላለን፣ በአውቶቡስ እንሄዳለን፣ በአሸዋ ላይ እንጫወታለን፣ ማታ ወደዚሁ ክፍል ተመልሰን በዚሁ አልጋ ላይ እንተኛለን በሉት። ብርድ ልብሱንና የሚወደውን መጫወቻ አልጋው ላይ ትታችሁ እንደምትሄዱ አሳዩት። በዚህ አገር የሕፃናት አስተማሪዎች ቀኑን በሥዕል እየከፋፈሉ ለልጆች ማሳየት ይወዳሉ፤ እኔ ግን በከተማችን ኮሌጅ ይህንኑ ስማር ያሰብሁት የእኛን እናቶች ነበር። ወደ ገበያ ሲወጡ ለልጃቸው «ፀሐይዋ እዚያ ዛፍ ላይ ስትደርስ እመጣለሁ» ማለትን ማንም አላስተማራቸውም።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር

ይህ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ግራ የሚያጋባው ግን እርሱ ነው። በአገራችን የቀኑ ቁጥር የሚጀምረው ከንጋት ሲሆን፣ በእስራኤል ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ እዚህ 10፡00 ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ 16፡00 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ለእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ፀሐይ እጅግ የምትጎዳው ከ10፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ነው ሲባል፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ማለት ይሆናል። በባሕር ዳርቻው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የጠባቂዎቹን የሥራ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንብቦ የወረደ ሰው፣ ጠባቂ በሌለበት ሰዓት ልጁን ውሃ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሰዓቱን ከማንበባችሁ በፊት 6 መቀነስ ወይም መደመር እንዳለባችሁ አስታውሱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጠይቁ።

ለትንንሽ ልጆች የሚመረጠው ጊዜ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት ሲቃረብ ነው። ሰንበት የምታከብሩ ቤተሰቦች ዓርብ ስትወጡ፣ አውቶቡሶች ሰንበት ከመግባቱ ቀደም ብለው እንደሚያቆሙ አውቃችሁ በጊዜ ተመለሱ። በአውቶቡስ ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ስለቀረ፣ ራቭ ካቭ የተባለውን ካርድ አስቀድማችሁ ሙሉ።

ወዴት እንሂድ?

አሽቀሎን በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ በሶምሶን ታሪክ አስቀሎና ተብላ የምትጠራው ከተማ ናት፤ ከዳርቻዎችዋም አንዱ እስከ ዛሬ ደሊላ ይባላል። ባር ኮኽባ የሚባለውም ዳርቻ በብዛት የሚታወቅ ነው። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚታጠቡበትን ቦታና ጊዜ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የስልክ ማዕከል 106 ደውላችሁ መጠየቅ ይቻላል።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን እኔ አስቀድሜ የምመክረው የአሽቀሎንን ብሔራዊ ፓርክ ነው። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ነገር ግን የዛፍ ጥላ፣ ሣር፣ የመመገቢያ ጠረጴዛና የጥንት ፍርስራሽ በአንድ ቦታ ይገኝበታል፤ ባሕሩም ከዚያው አጠገብ ነው። በፓርኩ ውስጥ ከ3,800 ዓመት ገደማ በፊት ከነዓናውያን በጭቃ ጡብ የሠሩት ባለ ቅስት የከተማ በር ቆሞ ይታያል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የቅስት በሮች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት አንዱ ነው።

በዚህ በር ፊት ጥቂት ቆዩ። አያት አብረው ካሉ ደግሞ ንግግሩን ለእርሳቸው ተዉላቸው። ጭቃ ከጭድ ጋር እንዴት እንደሚቦካ፣ ስንት ቀን እንደሚብላላ፣ ግድግዳ ከዝናብ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁ እርሳቸው ናቸው። በዚህ አገር ልጆቻችን ዕብራይስጡን ቀድመውን ስለሚለምዱ ብዙ ጊዜ በየቢሮው መሪያችን ሆነው ይታያሉ፤ አንዳንድ ልጅም ወላጁ ምንም የማያውቅ ይመስለዋል። የጭቃው በር ግን ዕብራይስጥ አይጠይቅም። አያት ሲያስረዱ ልጆቹ የሚያዳምጡበት አንድ ሰዓት ለቤተሰቡ ጤና የሚጠቅም ሰዓት ነው። ይህም ከቀጣዩ ነጥብ ጋር ግንኙነት አለው፤ በባሕር አጠገብ መሪውና ኃላፊው ወላጅ ሆኖ መቆየት አለበትና።

ባሕር ወንዝ አይደለም

ቤተ እስራኤል መንደሩን በወንዝ አጠገብ መመሥረቱ የታወቀ ነው፤ ለመንጻት ሥርዓት ውሃ ያስፈልገው ነበርና። ስለዚህ ውሃን አናውቅም ማለት አይቻልም። በክረምት ደራሽ ውሃ እንዴት እንደሚመጣ፣ ወንዝ በየትኛው በኩል እንደሚሻገሩት እናውቃለን። ጣናንም ቢሆን ባሕር ብለን ስንጠራው የኖርን፣ በዳርቻው ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ያልን ሕዝብ ነን። ችግሩ ይህ ዕውቀት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሚያታልል መሆኑ ነው።

ደራሽ ውሃ እየጮኸ ይመጣል፤ መልኩም ደፍርሶ ስለሚታይ ሰው ይሸሻል። በባሕር ላይ ግን አደገኛው ውሃ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለው ነው። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ በዚያም ላይ ሞገዱ ስለሚቀንስ ከሁለቱ ጎኖቹ ይልቅ ረጋ ያለ ይመስላል። ልጁን «እዚህ ጋ ሞገድ የለም» ብሎ የሚያስገባ ወላጅ፣ ወደ ውስጥ የሚስበውን ጅረት መርጦ አስገባው ማለት ነው። በአገራችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው አባባል ለዚህ ባሕር የተነገረ ይመስለኛል። ከድንጋይ በተሠሩት የሞገድ መከላከያዎች አጠገብም እንዲሁ ውሃው ስለሚስብና ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ልጆችን አታስጠጉ።

ሌላው ልዩነት የባሕሩ ወለል ነው። ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ የቆመ ልጅ፣ ሞገድ አሸዋውን ከእግሩ ሥር ሲጠርገው ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሄድ ጉድጓድ ሊያገኘው ይችላል። በነፋስ የሚሞሉ ቀለበቶችና ፍራሾች መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም፤ ነፋስ ከነልጁ ወደ ጥልቁ ይገፋቸዋል።

ስለሆነም መታጠብ የሚገባው ማጺል (የባሕር ጠባቂ) ባለበት ዳርቻና እርሱ በሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ብቻ ነው። በማማው ላይ የሚሰቀለውን ባንዲራ ተመልከቱ። ነጩ መታጠብ እንደሚቻል፣ ቀዩ አደገኛ መሆኑን፣ ጥቁሩ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ያመለክታል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቀዩን እንደ ጥቁሩ ቢቆጥረው መልካም ነው። እንደደረሳችሁ ወደ ማጺሉ ቀርባችሁ ሰላምታ ስጡት፤ ልጆቻችሁን አሳዩት፤ ዛሬ የትኛው ቦታ ለሕፃናት እንደሚሻል ጠይቁት። ቋንቋ ቢያጥር በጣት ማመልከት ይበቃል። ማጺል ሲናገር በድምፅ ማጉያ ስለሚጮኽ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ሥራው ያው ነው።

የሚጠብቀው ማን ነው?

በአገራችን የ8 ዓመት እኅት ታናሽዋን አዝላ መዋልዋ የሚያስመሰግናት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በሥራ ላይ ስለሚውል፣ ልጅ ልጅን ይጠብቃል፤ ጎረቤትም ይጠብቃል። ይህን ልማድ ማንቋሸሽ ተገቢ አይደለም። በባሕር አጠገብ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም የ8 ዓመት ልጅ ራስዋ ጠባቂ ያስፈልጋታል፤ ታናሽዋ ሲወሰድ ካየች ደግሞ ተከትላ ትገባለች። በአጠገብ ያለው ሰውም ጎረቤት አይደለም፤ የእናንተን ልጅ ከሌላው ለይቶ አያውቀውም።

ማወቅ የሚያስፈልገው ዋና ነገር፣ የሚሰጥም ሕፃን አይጮህም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን ያለችውን ትንፋሽ ለመሳብ ይታገላል። እጁንም አያውለበልብም። አንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ይታያል፤ ቀጥሎ አይታይም። ስልክ አንሥቶ አንድ መልእክት የሚያነብ ሰው ይህን ሳያየው ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ልጅ ውሃ ውስጥ ወይም በውሃው ጫፍ ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉ፣ አንድ የታወቀ አዋቂ ሰው ጠባቂ ይሁን። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ጠባቂው እጁን ቢዘረጋ ልጁን በሚይዝበት ርቀት ይቁም፤ ስልክ አይያዝ፤ ቡና አያፍላ፤ ጨዋታም አይጫወት። ሲደክመው ሌላው አዋቂ በስም ተረክቦ ይተካው፤ «አሁን አንተ ነህ» ይበለው፤ ያም «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልስ። አዋቂው አንድ ብቻ ከሆነና ልጆቹ ሦስት ከሆኑ፣ ወደ ውሃው በየተራ ይግቡ እንጂ አንድ ላይ አይግቡ። ታላቅየው ልጅ የሰሌዳውን ጽሑፍ ቢያነብላችሁ ይመስገን፤ ታናሾቹን የመጠበቅ ኃላፊነት ግን አይሰጠው።

ልጅ በውሃ ቢወሰድ

ዋና የማታውቁ ከሆነ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሰው እንዳይጠፋ። ወደ ማጺሉ ጩኹ። «ሀጺሉ!» ማለት አድኑ ማለት ነው፤ «ዬሌድ ቶቬዓ!» ማለት ልጅ እየሰጠመ ነው ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ በድንጋጤ ጊዜ ያልተለማመዱት ቃል አይመጣም። የሚንሳፈፍ ነገር ካለ፣ የተዘጋ ባዶ የላስቲክ ጀሪካንም ቢሆን፣ ወደ ልጁ ወርውሩ። ራሳችሁን ውሃው ከሳባችሁ፣ ወደ ዳር በቀጥታ አትታገሉ፤ ይህ ጉልበት ይጨርሳል። በጀርባ ተንሳፍፋችሁ እጃችሁን አንሡ፤ የምትዋኙ ከሆነ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከጅረቱ ውጡ።

ልጁ ከውሃ ሲወጣ የማይተነፍስ ከሆነ፣ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደወል፤ በስልክ ያለው ሰው ማድረግ የሚገባውን ደረጃ በደረጃ ይነግራችኋል። ማጺሉም ትንፋሽ መስጠት ያውቃል። ልጁን ዘቅዝቆ መያዝ፣ ውሃው እንዲወጣ ብሎ ሆዱን መጭመቅ ጊዜ ከማባከን አልፎ ይጎዳል። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስም እንኳ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በአሽቀሎን ያለው ከ1961 ጀምሮ የሚሠራው የባርዚላይ ሆስፒታል ነው። ውሃ ወደ ሳንባው የገባ ልጅ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላልና።

ፀሐይና ሙቀት

ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ከነጭ ቆዳ በተሻለ ይቋቋማል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃጠሎ አይደርስበትም ማለት አይደለም፤ ከሰውነት ውሃ ማለቅና ከሙቀት ሕመም ደግሞ ምንም አያድንም። የጎንደር ደጋ ፀሐይ ከነፋሻ አየር ጋር ናት። የአሽቀሎን የበጋ አየር ግን እርጥበት ስላለው ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰውነትም አይቀዘቅዝም።

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን በጥላ ሥር ይቆይ እንጂ በቀጥታ ለፀሐይ አይጋለጥ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ውሃ ሳይሆን ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ እናቲቱም ብዙ ውሃ ትጠጣ። ከዚያ በላይ ላሉት ልጆች ባርኔጣ፣ ቀላል ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። በልጅ ራስ ላይ የሚቀባ ቅቤ ለፀሐይ መከላከያ አይሆንም። ሕፃኑን በአንቀልባ ወይም በማዘያ ያዘላችሁት ከሆነ፣ በሁለት አካላት መካከል ያለው ሙቀት ስለሚጨምር በየጊዜው አውርዳችሁ አሳርፉት፤ ፊቱንና አንገቱን ዳስሱ። በጋሪ ያለውን ሕፃን ደግሞ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ ጥላችሁ አትሸፍኑት፤ ጥላ ያገኘ ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። በቆመ መኪና ውስጥ ልጅን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መተው አደገኛ ነው፤ መስኮቱ ቢከፈትም እንኳ።

አፉ የደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው፣ ለ6 ሰዓት ያህል ያልሸና ወይም እርግብግቢቱ የጎደጎደ ሕፃን ከሰውነቱ ውሃ አልቆበታል፤ ወዲያው ሐኪም ይየው። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ፣ የሚወላገድ ወይም የማይነቃ ከሆነ ወደ ጥላ አግቡት፤ ልብሱን አውልቁ፤ ውሃ አፍስሱበት፤ አራግቡት፤ በ101 ደውሉ።

ለሕፃናት የሚሰጠው የቫይታሚን ዲ ጠብታ ፀሐይ ስለ ሞቁ አይቋረጥም፤ ቲፓት ሃላቭ እንዳዘዘው ይቀጥል።

ስለ ስንቅ

ሥጋ ወይም ዶሮ ያለበት ወጥ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ በረዶ በያዘ ማቀዝቀዣ ሳጥን ካልተያዘ ከቤት ባይወጣ ይሻላል። እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዱባ፣ ሀብሀብና ብዙ ውሃ ለአንድ ቀን በቂ ነው። እንቁላልም በቀዝቃዛ ቦታ ይያዝ።

ቆሎን በተመለከተ አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። ቆሎ የመንገድ ስንቃችን ነው፤ ያለ ቆሎ መንገድ መውጣት ለብዙዎቻችን ያልተለመደ ነው። ሆኖም ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የገብስ ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ለውዝ ወይም ፈንድሻ እየሮጠም ሆነ ተቀምጦ መብላት የለበትም፤ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ሊገባ ይችላልና። የወይን ፍሬም በቁመቱ ለአራት ተከፍሎ ይሰጠው። ቆሎውን ለአዋቂዎቹ በተዘጋ ዕቃ ያዙ።

ሜዱዛ

በበጋ፣ በተለይ በጁንና በጁላይ፣ ሜዱዛ የምትባል እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ የምትንቀጠቀጥ የባሕር እንስሳ ወደ ዳርቻው በብዛት ትመጣለች። ብትነካ ታቃጥላለች፤ በአሸዋ ላይ ሞታ እንኳ ታቃጥላለች፤ ልጆች በእንጨት ቢነኳትም በእጃቸው እንዳይነኳት አስጠንቅቁ። ያቃጠላትን ቦታ በባሕር ውሃ አጠቡት እንጂ በቧንቧ ውሃ፣ በኮምጣጤ ወይም በአልኮል አታጥቡት፤ አትሹትም። ከንፈሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካለ በ101 ይደወል።

ልጅ ቢጠፋ

ከመነሣታችሁ በፊት የስልክ ቁጥራችሁን በልጁ ክንድ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ። ሲደርሱ የማጺሉን ማማ በጣት አሳዩትና «ካጣኸን ወደዚያ ሂድ» በሉት። «ሃላኽቲ ሌኢቡድ» ማለት ጠፍቻለሁ ማለት ነው፤ 4 ዓመት የሞላው ልጅ ይማረዋል። ልጅ ሲጠፋ አስቀድሞ የሚፈለገው በውሃው በኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ በመንገዱና በመጸዳጃው በኩል ይፈለግ። ማጺሉ በድምፅ ማጉያው እንዲጠራው የልጁን ስምና የልብሱን ቀለም ንገሩት።

የማስጠንቀቂያ ድምፅ ቢሰማ

አሽቀሎን ለጋዛ ቅርብ ስለሆነች፣ የአደጋ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ያህል ነው። በመሆኑም ጨርቅ ከማንጠፋችሁ በፊት ቅርቡ መጠለያ የት እንደሆነ እዩ፤ የፖሊስ ቁጥር 100፣ የአገር ግንባር ዕዝ መረጃ ደግሞ 104 መሆኑን ያዙ። መጠለያ ካልደረሳችሁ መሬት ላይ ተኙ፤ ሕፃኑን ከአካላችሁ ጋር አጣብቁ፤ ራሳችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። በዚህ ቦታ ከልጅ ጋር ስለ ጦርነት መወያየት አያስፈልግም። ድምፁ ሲያቆም «አሁን አለፈ» ብሎ አቅፎ መያዝና ወደ ቤት መመለስ ይበቃል፤ በሌላ ቀን ተመልሶ መምጣት ይቻላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ልጁን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጨውንና አሸዋውን አስለቅቁ፤ በተለይ የሕፃናትን እጥፋት። በፀሐይ የቀላ ቆዳ ላይ ቀዝቃዛ የረጠበ ጨርቅ ይደረግበት እንጂ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባበት። ውሃ የዋጠ ልጅ በዚያች ሌሊት ካሳለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ከልክ በላይ ከደከመ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ሙቀት ቢኖረው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ማየት አለበት። ለሌሎቹ ጠዋት ወደ ቁፓት ሆሊማችሁ ሂዱ።

ወደ ክሊኒክም ሆነ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ፣ የ8 ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የወንድሙን ሕመም ለእናቱ መተርጎም ለልጅ ከባድ ነው፤ የሕክምና ቃልም ሊሳሳት ይችላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋሞች ለሕመምተኞች የቋንቋ እርዳታ እንዲያደርጉ አዝዟል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ወንድ ከሆናችሁ «አኒ ጻሪኽ መቱርገማን ሌአምሃሪት»፣ ሴት ከሆናችሁ «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን ሌአምሃሪት» በሉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው።